በመፀው ወራት ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

እንደሚታወቀው በአገራችን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅት ይከፈላል። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ክረምት፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው፣ ከዚያ ወዲያ እስከ መጋቢት 25 ያለው በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ደግሞ ጸደይ ይባላል። ብዙዎቻችን መፀውንና ጸደይን እያቀያየርን እንናገራለን። እኔም ራሴ እስከ ዐሥረኛ ክፍል ድረስ አደይ አበባ ሜዳውን የሚሸፍንበትን ወራት «ጸደይ ገባ» ስል ኖሬአለሁ። ስሕተቴን ያወቅሁት በመጽሐፍ ሳይሆን በካሜራ ምክንያት ነው። ስለዚህ በዚህ በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ ወቅቱና ስለ ፎቶግራፍ ማንሣት የተማርሁትን ጥቂት ነገር ለጓደኞቼ፣ ለመምህሮቼና ለወላጆች ለማካፈል አሰብሁ። ባለሙያ አይደለሁም፤ ካሜራውም የአጎቴ እንጂ የእኔ አይደለም። የምጽፈው ከሠራሁት ይልቅ ካበላሸሁት የተማርሁትን ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ካሜራው እጄ እንደ ገባ የውጭ አገር ሰዎች በመፀው ያነሡአቸውን ሥዕሎች በስልክ ላይ ማየት አበዛሁ። በትንንሽ ከተማ የሚኖሩ፣ ከሥራ ሲወጡ ወይም በእሑድ ሽርሽር ላይ ካሜራ ይዘው የሚዞሩ ተራ ሰዎች ያነሡአቸው ናቸው። ቀይና ቢጫ ቅጠል የወደቀበት መንገድ፣ ጭጋግ የለበሰ ድልድይ፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ። እኔም ይህንኑ ላነሣ ብዬ በከተማችን በቢሾፍቱ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ቀይ ቅጠል ስፈልግ ዋልሁ። ባሕር ዛፉም፣ ግራሩም፣ ጽዱም እንደ ወትሮው አረንጓዴ ሆኖ ቆሞአል። ያገኘሁት አንድ የደረቀ ዛፍ ብቻ ነበር፤ እርሱም ባለቤቱ ለማገዶ ሊቆርጠው ያሰበው ነው።

ከዚያ በኋላ የባዮሎጂ መምህራችንን ጠየቅሁ። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። በአውሮጳና በሰሜን አሜሪካ ቀኑ እያጠረና ብርዱ እየጠነከረ ሲሄድ ዛፉ ክሎሮፊል መሥራቱን ያቆማል፤ ያለውም ይፈርሳል። ያን ጊዜ ቀድሞውኑ በቅጠሉ ውስጥ ተሸፍኖ የኖረው ቢጫ ቀለም ይገለጣል። ቀዩ ቀለም ግን በብዙዎቹ ዛፎች በዚያው ሰሞን አዲስ የሚሠራ ነው። እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆንን የቀኑ ርዝመት ብዙም አይለዋወጥም፤ ዛፎቻችንም እንዲህ ያለ ምልክት አያገኙም። እንግዲህ የእነርሱ መፀው ቢጫ የሚሆነው ቅጠል ሲሞት ነው፤ የእኛ መፀው ቢጫ የሚሆነው ግን አደይ ሲያብብና ጤፍ ሲበስል ነው። ሁለት ቅዳሜ የጠፋብኝ ቀለም ከከተማው ዳር፣ በአድአ እርሻ ላይ ተዘርግቶ ኖሮአል።

የአድአ አገር በነጭ ጤፉ የታወቀ ነው። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በማዳቀል የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዘርም ከዚሁ የወጣ ነው። በኅዳር ወር ማሳው ወርቅማ ሆኖ ንፋስ ሲያስተኛው የሚታየው ነገር ከማንም አገር ቀይ ቅጠል አያንስም። በጥቁሩ መሬት ላይ ደግሞ ዝናቡ ሲያባራ የተዘራው ሽምብራ ገና አረንጓዴ ነው፤ እሸቱም በመንገድ ዳር እየታሰረ ይሸጣል። ወደ ደቡብ ዝቋላ፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ የረር ጥርት ብለው ይታያሉ። ይህ ጥራት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ክረምቱ አቧራውንና ጭሱን ከአየር አጥቦ ስለሚያወርደው፣ መሬቱም ገና እርጥብ ስለ ሆነ አቧራ ስለማይነሣ ነው። በየካቲት ያንኑ ዝቋላን ላንሣ ብትሉ ግራጫ ጥላ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ብርሃኑ ልምጣ። ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ቋሚ ሥዕል ፈረንሳዊው ኒዬፕስ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ሲያነሣ ብርሃኑን ለብዙ ሰዓት መጠበቅ ነበረበት። ሌላው ፈረንሳዊ ዳጌር በ1839 ሥራውን ለዓለም ካሳወቀ በኋላ ጊዜው ወደ ደቂቃ፣ ኋላም ወደ ሴኮንድ ወረደ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ መጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ፣ ልጆቹም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆነው አገልግለዋል። ካሜራን ከቤተ መንግሥትና ከባለሙያ እጅ አውጥቶ ለተራው ሰው የሰጠው ግን አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን ነው። በ1888 ያወጣው ኮዳክ 100 ሥዕል የሚያነሣ ጥቅልል ይዞ ይሸጥ ነበር፤ በ1900 የወጣው ብራውኒ ደግሞ ዋጋው አንድ ዶላር ነበር። የእሑድ ሽርሽር ሥዕል የተወለደው ያን ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ካሜራ ብርሃንን የሚለካው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው። ቁጥሮቹ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 እያሉ ይሄዳሉ፤ ቁጥሩ አንድ ደረጃ በጨመረ ቁጥር የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ትልቅ ቁጥር ጠባብ ቀዳዳ መሆኑ መጀመሪያ አደናግሮኝ ነበር፤ እናንተንም ቢያደናግራችሁ አትፈሩ። ሁለተኛው መዝጊያው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ይህም በሴኮንድ ክፍልፋይ፣ 1/60፣ 1/125፣ 1/250 እየተባለ ይቈጠራል። የድሮ ፎቶግራፍ አንሺዎች መለኪያ መሣሪያ ሳይኖራቸው በአንድ ቀላል ደንብ ይሠሩ ነበር። ፀሐይ ጥርት ብላ ሳለ ቀዳዳውን 16 ላይ አድርጎ መዝጊያውን ከፊልሙ የስሜት ቁጥር ጋር ማስተካከል ነው። ቁጥሩ 100 ከሆነ በጣም የሚቀርበው 1/125 ነው። ዛሬ ካሜራውም ስልኩም ይህን ሁሉ በራሱ ያሰላል፤ ነገር ግን ሲሳሳት ለምን እንደ ተሳሳተ የሚያውቀው ደንቡን የሚያውቅ ሰው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን የብርሃኑን አቅጣጫ ማወቅ ነው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ በእኛ አገር ፀሐይ በቀትር ከአናታችን በላይ ትቆማለች፤ ያን ጊዜ የተነሣ ሰው ዓይኑ ጉድጓድ ይመስላል። በኅዳር ግን ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ስለምትል በቀትር እንኳ ከአድማስ 60 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ ጥላችንም ወደ ሰሜን ይወድቃል። ጠዋትና ማታ ብርሃኑ ወርቅማ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ያምራል። የውጭ አገር ሰዎች ይህን «ወርቃማው ሰዓት» ይሉታል። እኔም አንድ ሰዓት አለኝ ብዬ በሆራ ሐይቅ ዳር ተዝናንቼ ስቀመጥ ብርሃኑ አመለጠኝ። ምክንያቱን ስመረምር፣ እኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላም ትገባለች። ወደ ሰሜን በራቁ መጠን ግን እያጋደለች ስለምትወርድ ከአድማስ አጠገብ ብዙ ትቆያለች። በእኛ ዘንድ የመጨረሻውን 6 ዲግሪ የምትወርደው በ25 ደቂቃ ያህል ነው። በኅዳር ማታ ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ቦታውን ያልያዘ ሰው ዘግይቶአል ማለት ነው።

በቢሾፍቱ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ሐይቆቻችን ሆራም፣ ባቦጋያም በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ያሉ ናቸው። ስለዚህ ማታ የምዕራቡ ገደል ጥላውን በውኃው ላይ ቀድሞ ይጥላል፤ የምሥራቁ ዳር ግን እስከ መጨረሻው ይበራል። በመስቀል ሰሞን እሑድ የኢሬቻ በዓል ሲከበር ሕዝቡን ያያችሁ እንደ ሆነ ጠዋት በየትኛው ወገን ብርሃን እንደሚያርፍ ታስታውሳላችሁ። የውኃ ነጸብራቅ የሚፈልግ ሰው ማለዳ ይሂድ፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሐይቁን ያሸበሽበዋል።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. የክፍላችን ልጆች ከሁለት መምህራን ጋር ወደ ባቦጋያ በእግር ሽርሽር ወጣን። ሥዕል እንዳነሣ የተመደብሁት እኔ ነበርሁ። ሁሉም ካሜራውን ሲያይ ይሰለፋል፤ ወንዶቹ ደረታቸውን ይነፋሉ፤ ሴቶቹ ፀጉራቸውን ያስተካክላሉ። እንዲህ ያለ ሥዕል 40 ያህል አነሣሁ፤ አርባውም አንድ ናቸው። ደኅና የወጡት ማንም ሳያስበው የተነሡት ናቸው። አንዱ ጓደኛችን ጫማው ልኮት ኖሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲያሽ፣ የሒሳብ መምህራችን ብርቱካን ልጠው ለአራት ልጆች ሲያካፍሉ፣ ሁለት ልጆች በአንድ ነጠላ ሥር ከፀሐይ ተጠልለው ሲሥቁ። መምህራችን የብርቱካኑን ሥዕል አይተው «ሒሳብ ሳስተምር የነበርሁ መስሎኝ» ብለዋል።

ስንመለስ ነው ነገሩ የገጠመኝ። በመንገዱ ዳር የሽምብራ እሸት የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። ካሜራውን አይተው፣

«ልጄ፣ ይህ ነገር ሰው ያነሣል?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ ያነሣል።»

«እንግዲያውስ እኔን አንሣኝ። ቤይሩት ላለችው ልጄ የምልክላት ነው። ካየችኝ አራት ዓመት ሆናት። የጎረቤት ልጅ በስልኩ ያነሣኝ ነበር፤ እርሱም ሥራ አግኝቶ አዳማ ሄደ። ና፣ ቤቴ ቅርብ ነው፤ ደጄ ላይ አንሣኝ።»

ሰዓቱ ከሩብ ጉዳይ ለ12 ነበር። ፀሐይዋ ከእርሳቸው በስተ ጀርባ ዝቅ ብላ፣ ማሳው ወርቅ ሆኖ፣ የነጠላቸው ጠርዝ እንደ እሳት ይበራ ነበር። እንዲህ ያለ ብርሃን ትቼ ደጅ ላይ ማን ይሄዳል? «እማማ፣ እዚሁ ይቁሙ፤ እዚህ ነው የሚያምረው» አልኋቸው። «መንገድ ላይ?» ብለው ቅር አላቸው። ነገር ግን እኔ ዐዋቂ መስያቸው እሺ አሉኝ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

ሥዕሉ በእኔ ዓይን እስከ ዛሬ ካነሣሁት ሁሉ የላቀ ሆነ። ከተማ ባለ ፎቶ ቤት በትልቁ አሳተምሁት። ጓደኞቼ «ይህማ የመጽሔት ሽፋን ነው» አሉ። በቅዳሜ ሥዕሉን ይዤ ወደ እማማ ዘንድ ሄድሁ። ተቀብለው አዩት፤ ወደ ብርሃን አዙረው እንደ ገና አዩት።

«ይህች ማን ናት?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት እማማ።»

«እኔ አይደለሁም፤ ጥላዬ ነው። ፊቴ የት አለ? ይህን ብልክላት ልጄ እናቴ ሞታ ሸሸጉኝ ብላ ታለቅሳለች።»

አልተቆጡኝም። «ለድካምህ» ብለው አንድ እስር እሸት ሰጡኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሸቱን እስከ ቤት ድረስ ይዤው ሄድሁ እንጂ አልበላሁትም።

ስሕተቴ ምን እንደ ነበረ ለመግለጽ ከላይ የጻፍሁት ይበቃል። ፀሐይ ከሰው በስተ ጀርባ ስትሆን ካሜራው የሚለካው የሰማዩን ብርሃን ነው፤ ሰማዩ ልክ እንዲሆን ቀዳዳውን ያጠብባል፤ ፊቱ ግን በጥላ ውስጥ ስላለ ይጠቁራል። ፊቱን ለማግኘት ቀዳዳውን ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ ማስፋት ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ግን ወርቁ ሰማይ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። እኔ ሰማዩን መረጥሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት እንደማልችል አውቄ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እጠይቃቸው ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የካሜራ መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ነጭ ነጠላ የለበሰ ጠይም ሰው ሲቀርብለት ነጩን ብቻ አይቶ «ብርሃን በዝቶአል» ይላል፤ ፊቱንም ያጠቁረዋል። ይህ ለእኛ አገር ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው፤ በዓላችንም፣ ሠርጋችንም፣ ኀዘናችንም በነጭ ነጠላ ነውና። በፊልም ዘመንም የባሰ ነበር። ኮዳክ ከ1950ዎቹ ጀምሮ እ.ኤ.አ. ለማተሚያ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ የሚልከው «ሸርሊ» የተባለ ካርድ የነጭ ሴት ሥዕል ያለበት ስለ ነበረ፣ ቀለሙ ለነጭ ቆዳ ተስተካክሎ የጥቁር ሰው ፊት ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። በየቤታችን አልበም ውስጥ ያሉት አያቶቻችን ከእውነተኛው መልካቸው ጠቁረው የሚታዩን አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። መለኪያውን ከነጠላው አንሥቶ ፊቱ ላይ ማነጣጠር፣ ሰውየውንም ከፀሐይ ወደ ጥላ ማግባትና ፊቱን ወደ ተከፈተው ሰማይ ማዞር ነው። በእንዲህ ያለ ጥላ ውስጥ በ100 የስሜት ቁጥር ቀዳዳው 5.6፣ መዝጊያው 1/125 አካባቢ ይሆናል። ጥላው ከበረታ አንድ ነጭ ነገር ከፊት ለፊት ቢዘረጋ ብርሃኑን መልሶ ፊት ላይ ይጥለዋል። ባለሙያዎቹ ለዚህ የተሠራ ዕቃ አላቸው፤ እኔ የአባቴን ጋቢ ወሰድሁ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት ከታናሽ እኅቴ ጋር እቤታቸው ደረስን። «ደግሞ መጣህ?» አሉኝ፤ ግን ሥቀው ነው። ልብሳቸውን ለወጡ፤ ፀጉራቸውን አበጁ። ከቤቱ ክዳን ጥላ ሥር አቆምኋቸው፤ እኅቴ ጋቢውን በሁለት እጅዋ ዘርግታ ከፊታቸው ቆመች። ፊታቸው ላይ ያለው መስመር ሁሉ፣ የግንባራቸው ንቅሳት ሳይቀር ታየ።

አንድ ነገር ብቻ አልወደድሁትም። ከበስተ ጀርባቸው ያለው በር አዲስ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው፤ ቀለሙም በጣም ደማቅ ስለ ነበረ ዓይን ይወጋል፤ ቡርሹም ከበሩ አልፎ ግድግዳው ላይ ተንጠባጥቦአል። ከላዩ ያለው አዲስ ቆርቆሮም ያብረቀርቃል። «እማማ፣ ወደዚህ ወደ አጥሩ ፈቀቅ ይበሉ፤ በሩ ሥዕሉን ያበላሸዋል» አልሁ።

«አይሆንም» አሉ። ያን ቀን እንደ መንገዱ ቀን እሺ አላሉኝም። «በሩ ይግባ። ቆርቆሮውም ይግባ።»

ቆርቆሮው እንዲገባ ዐሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሄድሁ። እማማ በሥዕሉ ውስጥ ትንሽ ሆኑ፤ ለዓይን የሚታየው በሩ ነው። ከዚያ ቀርቤ ፊታቸውን ብቻ ሌላ አነሣሁ፤ ይህ ነው ደኅናው ብዬ አሰብሁ። ሁለቱንም በፎቶ ቤት በትንሹ አሳትሜ ሰጠኋቸው፤ በቴሌግራምም ልጃቸው ዘንድ ላክሁ።

መልሱ በማግስቱ ማታ በድምፅ መጣ። ስልኬን ይዤ ሄጄ እደጃቸው ላይ ቁጭ ብለን ሰማነው። መጀመሪያ ጥቂት ጊዜ ምንም ንግግር የለም፤ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ልጅቱ፣

«እማዬ» አለች። «እማዬ፣ በሩ አረንጓዴ ነው እንዴ? እኔ ገንዘቡን ስልክ ሰማያዊ ይቀባ ብዬ አልነበረም?»

እማማ እስኪያነቡ ድረስ ሣቁ። «ሰማያዊው አልቆ ነበር በያት» አሉኝ፤ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግቼ ራሳቸው ይናገሩ ዘንድ ሰጠኋቸው።